ሽቦውን ማን ያዘው? ስለ ከፍተኛ ኃይል መስመር ክላምፖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ መብራት ሲሄድ ሁሉም ሰው መሐንዲስ ነው። ስለ ግድቡ ያወራል፣ ስለ ትራንስፎርመሩ ያወራል፣ ስለ ፖሉ ያወራል። ሽቦውን ከፖሉ ጋር ስለሚያገናኘው ብረት የሚያነሳ ግን አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት የሠራሁት ከዚያ ብረት ጋር ነው። አንዴ ስለ እሱ ማውራት ከጀመርኩ ጥያቄው አያልቅም። ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ተጠይቄአለሁ። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ።

ክላምፕ የምትለው ነገር ምንድን ነው?

ሽቦን የሚይዝ ብረት ነው። አለቀ። ግን እስቲ አንዷን ቀረብ ብለን እንያት።

ቤቴ መደርደሪያ ላይ ከአገልግሎት የወጣች አንዲት ክላምፕ አለችኝ። ርዝመቷ ከስንዝር ትንሽ ያልፋል። መሐሏ ላይ ሽቦ የሚተኛበት ቦይ አለ። በቦዩ ላይ ክዳን ይገጠማል። ክዳኑን ከታች የሚመጡ ሁለት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አቅፈው ይይዙታል፤ አራት ዳዶ ይጠብቅባቸዋል። ጎንና ጎኗ ላይ ደግሞ እንደ ጆሮ የወጣ ነገር አለ። በእሱ በኩል ከላይ ትንጠለጠላለች፣ እንደ ዥዋዥዌም ትወዛወዛለች።

ሰው ሲያያት ሁልጊዜ የሚያመልጠው ጫፎቿ ናቸው። የጣና ታንኳ ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል። የእሷ ግን ሁለቱም ጫፎች ወደ ታች ያጎነበሱ ናቸው፤ ከንፈራቸውም ክብ ነው። ምክንያት አለው። ሽቦው ከክላምፑ ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይረግባል። ጫፉ ስለታም ቢሆን ሽቦውን በዚያች ነጥብ ላይ ይሰብረው ነበር። ስለዚህ ሽቦው ሳይታጠፍ፣ ቀስ ብሎ እንዲወርድ መንገድ ተሠርቶለታል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው?

አይደሉም። ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ በዋናነት ግን ማንጠልጠያና መወጠሪያ ናቸው።

ወደ ጢስ ዓባይ ስትሄዱ በመኪናው መስኮት ታወሮቹን እዩ። የስኒው ሰንሰለት (ኤሌክትሪኩ ወደ ታወሩ እንዳያልፍ የሚከለክሉት ሰሐን መሳዮች) ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከተንጠለጠለ፣ ከጫፉ ያለው ማንጠልጠያ ክላምፕ ነው። ሥራው የሽቦውን ክብደት መሸከም ብቻ ነው። ሽቦው በላዩ አልፎ ይሄዳል፤ አይቆረጥም።

አለፍ ብላችሁ መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ስትደርሱ ግን ስኒዎቹ ተኝተዋል። በሽቦው አቅጣጫ፣ እንደ ተወጠረ ገመድ። እዚያ ያለው መወጠሪያ ነው። ሽቦው ከወዲያም ከወዲህም መጥቶ እዚያ ይታሰራል፤ ታወሩ መሐል ቆሞ ሁለቱንም ይጎትታል። ታዲያ ኤሌክትሪኩ በየት ያልፋል? ከታች ቅስት ሠርቶ የተንጠለጠለ አጭር ሽቦ ታያላችሁ። ባለሙያዎቹ ጃምፐር ይሉታል። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግረው እሱ ነው።

ይህን ልዩነት አንዴ ካወቃችሁ መንገድ ላይ ዓይናችሁ አያርፍም። ልጆቼ «አባባ፣ ይሄ ማንጠልጠያ ነው ወይስ መወጠሪያ?» እያሉ መርዓዊ እንደርሳለን።

አንዷ ክላምፕ ምን ያህል ትሸከማለች?

በምሳሌ እንየው። ዜብራ የሚባል የሽቦ ዓይነት አለ። (አዎ፣ የሜዳ አህያው። እንግሊዞች የሽቦ መጠን የሚጠሩት በእንስሳት ስም ነው፤ ተኩላ አለ፣ ውሻ አለ፣ ጥንቸል አለ። አሜሪካኖቹ ደግሞ በወፍ ስም ይጠሩታል።) ዜብራ 54 የአሉሚኒየም ክሮች መሐላቸው 7 የብረት ክሮች ይዘው የተጎነጎኑበት ነው። ውፍረቱ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሜትሩ 1.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

በሁለት ታወሮች መካከል 350 ሜትር ቢኖር፣ ማንጠልጠያዋ ላይ የሚያርፈው 570 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ትልቅ በሬ ማለት ነው። ቀን ከሌት፣ ክረምት ከበጋ።

የመወጠሪያው ግን ሌላ ጉድ ነው። ሽቦው በአዘቦት ቀን የሚወጠርበት ኃይል ከመበጠሻው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ለዜብራ ወደ 2.7 ቶን ይመጣል። ይህ ገና የዘወትሩ ነው። መወጠሪያ ክላምፕ ሲሠራ ሽቦው ሊበጠስ እስኪቃረብ ድረስ እንዲይዝ ይፈለጋል፤ የተለመደው ልክ የሽቦው መበጠሻ 95 በመቶ ነው። ለዜብራ ከ12 ቶን በላይ መሆኑ ነው።

ታዲያ ማንጠልጠያውም እንደዚያው ለምን አይጠብቅም? ይበልጥ ቢያዝ ምን ይጎዳል?

ይህን የጠየቀኝ ፖሊ ቴክኒክ የሚማር ልጅ ነበር። ጥያቄውን ወድጄዋለሁ፤ መልሱ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነውና።

ሽቦው በአንድ ወገን ቢበጠስ ምን ይሆናል? በሌላው ወገን ያለው 2.7 ቶን ተቃራኒ ያጣና ታወሩን ወደ ራሱ ይጎትታል። የማንጠልጠያ ታወር ደግሞ ክብደት ለመሸከም እንጂ በአንድ ጎን ለመጎተት አልተሠራም። ክላምፑ ሙጭጭ ብሎ ቢይዝ ታወሩ ይጎነበሳል። እሱ ሲወድቅ ቀጣዩን ይጎትታል፣ ቀጣዩ ደግሞ የሚቀጥለውን። ሽቦው ትንሽ ከተንሸራተተ ግን ውጥረቱ ይረግባል፤ ታወሩም ይተርፋል። ስለዚህ ማንጠልጠያ ክላምፕ በአዘቦቱ እንዳይንሸራተት ይይዛል፣ የከፋ ቀን ሲመጣ ደግሞ ይለቃል። በስንት ኪሎ ይለቃል የሚለው በስሌት የሚወሰን ነው። በጉልበት የሚጠብቅ አይደለም።

ይህን እኔ የተማርኩት ተሰድቤ ነው። ልጅ እያለሁ፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ መሬት ላይ ልምምድ ስንሠራ ቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጥዬ ዳዶውን በሙሉ ጉልበቴ አጠበቅሁት። ኮራሁም። አለቃችን መጥተው «ፍታው» አሉ። ፈታሁት። ከክዳኑ ሥር ያሉት የአሉሚኒየም ክሮች ጠፍጥፈዋል፤ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ «የሰጠሁህ ሽቦ ነው፣ ተልባ አይደለም» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳየው ቁልፍ እንጂ በክንዴ ተማምኜ አላውቅም።

ሽቦ የሚበጠሰው በክብደት ነው?

እምብዛም። እንዲያውም ከማዕበል ነፋስ ይልቅ ለስለስ ያለው ነፋስ ይጎዳዋል። ይህን ስናገር የማያምነኝ ብዙ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ፒንሳ ሲጠፋ ቀጭን ሽቦ እንዴት እንቆርጣለን? ወዲያ ወዲህ እናጥፈዋለን። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ቀጭ ይላል። ሲጎትቱት እምቢ ያለ ሽቦ በማጠፍ ይሸነፋል። የከፍተኛ ኃይል ሽቦም ጠላቱ ይኸው ነው።

ዝግ ያለና ያልተቋረጠ ነፋስ ክብ ሽቦን ሲያልፍ ከኋላው ትንንሽ የአየር ሽክርክሪት ይፈጥራል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ በየተራ። እያንዳንዱ ሽቦውን በትንሹ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ሽቦው እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። ከሩቅ አይታይም። ስፋቱ ቢበዛ የሽቦውን ውፍረት ያህል ነው። ፍጥነቱን ግን ማስላት ይቻላል። ያ ዜብራ በሰከንድ 3 ሜትር በሚሄድ ነፋስ ውስጥ በሰከንድ 19 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በሰዓት ሲባዛ ወደ 70 ሺህ ጊዜ ነው። በአንድ ሰዓት!

ሽቦው መሐል ላይ እንደ ልቡ ይወዛወዛል፤ ችግር የለም። ክላምፑ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ተይዟል። ጎንበስ ቀናው ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ክሮቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ከክላምፑም ጋር ይፋተጋሉ። መጀመሪያ ጥቁር ዱቄት ይወጣል። ከዚያ አንድ ክር ይሰነጠቃል። ከዚያ ሁለተኛው። ሁሉም ክላምፑ ውስጥ፣ ከዓይን ተሰውሮ ነው። መሬት ቆሞ ለሚያይ ሰው ሽቦው ደህና ነው።

ይህ እኛን የሚመለከተን ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ ነፋስ የሚመቸው ሜዳና የውኃ ዳርቻ ስለሆነ ነው። ኮረብታና ዛፍ ነፋሱን ይሰባብረዋል፤ የተሰባበረ ነፋስ ደግሞ ሽቦውን በአንድ ዜማ ማስጨፈር አይችልም። ሰፊ ውኃ ወይም እንደ ፎገራ ያለ ሜዳ ግን ሳያቋርጥ ይለቀዋል። ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህን አይክድም። ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ጠዋት ይመርጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይናጣል። ታንኳ ቀዛፊው የሚሸሸውን ነፋስ ሽቦው ቆሞ ይቀበለዋል።

ታዲያ መከላከያ የለውም?

አለው። የመጀመሪያው ጋሻ ነው። ከክላምፑ ሥር ሽቦው ወፈር ብሎ ካያችሁ፣ ዙሪያውን እንደ ጠመዝማዛ የተጠመጠሙ የአሉሚኒየም ዘንጎች ናቸው። ወለም ያለው እጅ በፋሻ እንደሚጠቀለል ነው። መታጠፉ በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በረዥም ቦታ ላይ ይበተናል። ፍትጊያውም በዘንጎቹ ላይ ያልፍና ሽቦው ይድናል። አንዳንድ አዳዲስ ክላምፖች ውስጣቸው ላስቲክም አላቸው።

ሁለተኛው ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ነው፤ ስለዚህ የራሱን ጥያቄ ልስጠው።

ከክላምፑ ጎን ሽቦው ላይ የተንጠለጠለችው ዳምቤል የምትመስለዋ ነገር ምንድን ናት?

የጂም ዳምቤል ናት ያለኝ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ አልተሳሳተም። ሁለት ክብደቶች አጭር የብረት ገመድ ጫፍና ጫፍ ላይ ተሰክተዋል። መሐሏን ትንሽ ክላምፕ ከሽቦው ጋር ያያይዛታል። ሽቦው ሲርገበገብ ክብደቶቹ እኩል መከተል አይችሉም። አጭሯ ገመድ ትታጠፋለች፣ ክሮቿ ይፋተጋሉ፣ የነፋሱ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

የፈጠራት ስቶክብሪጅ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ በ1920ዎቹ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአንድ የኤሌክትሪክ ድርጅት ሲሠራ። እስካሁንም በስሙ ትጠራለች። መቶ ዓመት ገደማ ሆኗታል፣ ቅርጿም እምብዛም አልተለወጠም። እንደ እኔ እንደ እኔ ከመስመሩ ዕቃ ሁሉ ብልኋ እሷ ናት።

ስኒና ክላምፕ ይለያያሉ?

ይለያያሉ። ስኒ ኤሌክትሪኩ ወደ ታወሩ እንዳያልፍ የሚከለክለው ነው። ስሙ የመጣው ከቡና ስኒ ጋር በመመሳሰሉ ነው፤ ሸክላም ነው፣ መልኩም ይመስላል። በከፍተኛ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ ሰሐን ሰሐን እየመሰለ ይደረደራል። ቮልቴጁ ሲጨምር ሰሐኑም ይጨምራል። ስኒው ከታወሩ ይንጠለጠላል፣ ክላምፑ ከስኒው ይንጠለጠላል፣ ሽቦው በክላምፑ ላይ ይተኛል።

በየመገጣጠሚያው አንድ ጣት የማታክል ማገጃ ፒን አለች። እሷ ከወጣች ስኒው ከስኒው ይላቀቃል። ለሌባ ሁለት ብር አታወጣም። ግማሽ ከተማ ግን ታጨልማለች።

በየሰፈሩ ባለው የእንጨት ፖል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ክላምፕ አታገኙም። ሽቦው ስኒው አንገት ላይ በማሰሪያ ሽቦ ተጠምጥሞ ይታሰራል። ያ የእጅ ሙያ ነው። ጥሩ አድርጎ የሚያስር ሰው ሲሠራ ማየት ሹሩባ ሠሪ እንደማየት ነው።

ባሕር ዳር ዙሪያ ይህን ያህል መስመር ለምን ተሰበሰበ?

ውኃው እዚህ ስላለ። ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ቁጥር ሁለት በ2001 መጣ፣ 73 ሜጋ ዋት። ከዚያ በ2010 በለስ፤ ከጣና ምዕራብ ዳርቻ ውኃውን በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ። የበለሱ ኃይል በ400 ኪሎ ቮልት ወደ ባሕር ዳር ይመጣል። ከዚህ ወደ ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደርና ከዚያም ሱዳን ድረስ የሚሄድ አለ። ባሕር ዳር መስቀለኛ መንገድ ናት ማለት ነው። ለባጃጅ ብቻ ሳይሆን ለኮረንቲም።

ከክላምፕ ጋር የባሕር ዳር ከፍታ ምን አገናኘው?

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። ብዙ የዓለም አቀፍ መለኪያዎች እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ የተሰፉ ናቸው። ለእኛ ሲሆን ማስተካከያ ይደረጋል፦ ርቀቱ ይሰፋል፣ የስኒው ሰንሰለት ይረዝማል።

ክላምፑም ይነካዋል። ኤሌክትሪክ ሹል ነገር ይወዳል። በ230 ወይም በ400 ኪሎ ቮልት ላይ አንድ ያልተሞረደ ጠርዝ፣ ወጣ ያለ የቡሎን ጫፍ፣ ወደ አየሩ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ይጀምራል። ለዚህ ነው የከፍተኛ መስመር ክላምፕ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልስልስ ያለው። የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ካለ ደግሞ ዙሪያው ቀለበት ይደረግለታል።

ክረምት ላይ መስመሩ ሥር ስናልፍ «ዝዝዝ» ይላል። ሊወድቅ ነው?

አይደለም። ያ ከላይ ያልኩት ወደ አየር የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሽቦውና ክላምፑ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ሹል ጫፍ ይሆናል። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሲደርቅ ይተዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከአንድ ታወር ብቻ፣ ከፍ ያለ ጩኸት ወይም ብልጭታ ካለ ግን ንገሩ።

ወፎቹስ? ጣና እኮ የወፍ አገር ነው።

ሽቦ ላይ የቆመ ወፍ ምንም አይሆንም፤ ሁለት እግሩ አንድ ሽቦ ላይ ነው። አደጋው ትልልቆቹ ላይ ነው። ፔሊካንና አባ ኮዳ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል። በዝቅተኛው መስመር ላይ ሽቦውንና ሌላ ሽቦ ወይም የፖሉን ብረት አንድ ላይ ከነኩ አለቀላቸው። እኛም መብራት ይጠፋብናል።

ሌላም አለ፤ ነገሩ ነውር ቢመስልም እውነት ነው። አባ ኮዳ ታወሩ ክንድ ላይ፣ ከስኒው በላይ ይቀመጣል። ከዚያ ይጸዳዳል። ረዥም ፈሳሽ በስኒው ጎን ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታወሩ እስከ ክላምፑ ያለውን ክፍተት ለአፍታ ያጠበዋል። ብልጭ! መስመሩ ይቋረጣል። ባለሙያው ሲወጣ የሚያገኘው ክላምፑ ላይ የቀለጠ ነጥብና ነጭ ነጠብጣብ ነው። ለዚህ ሲባል በብዙ አገር ከስኒው በላይ ያለው ክንድ ላይ እሾህ ይተከላል፤ ወፉ ፈንጠር ብሎ እንዲቀመጥ።

ከብረት ይሻላል ወይስ ከአሉሚኒየም?

ለትልቅ መስመር አሉሚኒየም ቅይጥ። ቀላል ነው፣ አይዝግም። ብረት ደግሞ ተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚሄድበትን ሽቦ ከከበበ ራሱ ይሞቃል፤ ኃይል በከንቱ ይባክናል። አሮጌ መስመሮች ላይ ግን ዚንክ የተቀባ ብረት ብዙ አለ።

ቤቴ ጥግ ላይ ሽቦው ከፖሉ ሽቦ ጋር በተገናኘበት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እሱም የክላምፕ ጉዳይ ነው?

ሊሆን ይችላል! የእኔው ቤት ላይ ደርሷል። የጫማ ሠሪ ልጅ ባዶ እግሩን እንደሚባለው።

አንድ ሰሞን ማታ ማታ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ይመለሳል። ፍሪጁ ይንገጫገጫል። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ባለሙያ መጥቶ ሲያይ፣ ከፖሉ የመጣው አሉሚኒየም ነው፤ ወደ ቤቴ የገባው መዳብ። ያገናኘው ሰው ሁለቱን በእጁ ጠምዝዞ ትቷቸዋል። ክላምፕ የለም፣ ምንም የለም። በላያቸው ላይ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት አብቅሏል።

መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት በቀጥታ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ባሕር ዳር ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። የተበላው ቦታ ኮረንቲ ማሳለፍ ይከብደዋል፣ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይላላል፣ ሲላላ ይብስ ይሞቃል። ለሁለቱ ብረቶች የተሠራ ማገናኛ አለ፤ አንዱ ወገኑ ለመዳብ፣ ሌላው ለአሉሚኒየም ነው። በፕላስቲክ ለተሸፈነ ሽቦ ደግሞ ጥርስ ያለው ክላምፕ አለ። ሽቦው ሳይላጥ ጥርሱ ሽፋኑን በስቶ ይገባል። የብዙዎቹ ቡሎን ጭንቅላት ልኩ ሲደርስ በራሱ ይቆረጣል፤ እንደ እኔ ቱቦ ቀጥሎ የሚያጠብቅ ሰው እንዳይኖር።

እናንተ ግን ፖሉ ላይ አትውጡ። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ። መጠየቅ ያለባችሁ «በምን ታገናኛለህ?» ብላችሁ ነው። «በእጅ ጠምዝዤ» ካላችሁ እምቢ በሉ።

ክላምፕና የታወር ብረት ለምን ይሰረቃል?

ስለሚሸጥ። ብረቱ ከሰፈር ወደ ቆራሌው፣ ከቆራሌው ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ታወሩ ላይ ያለች ማጠናከሪያ ብረት ስትጠፋ ዛሬ ምንም አይሆንም፤ ነገ ነፋስ ሲመጣ ነው። ሲፈታ ካያችሁ፣ የደንብ ልብስም ቢለብስ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

መስመር ሥር ማረስ ይቻላል? ባሕር ዛፍስ?

ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ዝቅ ያለ ነገር ሁሉ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ባሕር ዛፍ ግን አይሆንም። ሰው የሚሳሳተው ጠዋት አይቶ «ገና ብዙ ይቀረዋል» ሲል ነው። ሽቦው በሙቀት ይረዝማል። በ350 ሜትር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢጨምር የሚረዝመው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። መሐሉ ግን አንድ ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩም የከተማው ፍጆታም ሲበረታ፣ ሽቦው ወደ ዛፉ ይመጣል። መንካት እንኳ አያስፈልገውም።

ሽቦ ወድቆ ካየን ምን እናድርግ?

ይህን በደንብ አንብቡልኝ። የወደቀ ሽቦ ዝም ስላለ የሞተ አይደለም። ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ የከፍተኛ ኃይል ከሆነ ከዚያም በላይ። ሰው እንዳይቀርብ አድርጉና ደውሉ። በእንጨት፣ በዱላ፣ በምንም አትንኩት። መኪና ላይ ከወደቀ ውስጥ ቆዩ። መኪናው እሳት ከያዘ ብቻ ሁለት እግር ገጥማችሁ ዝለሉ፤ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳትነኩ። ከዚያ እግራችሁን ከመሬት ሳታነሱ፣ እየጎተታችሁ ራቁ።

ለምን እግር ይገጠማል? ኮረንቲው መሬቱ ላይ ይሰራጫል፤ ከሽቦው በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ ካረፈ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ፤ ያ ልዩነት በሰውነታችን ያልፋል። ለዚህ ነው ሰው በተረፈበት ቦታ ላም የምትሞተው። የፊትና የኋላ እግሯ ተራርቋል፤ መንገዱም በልቧ በኩል ነው። ከብት ወደዚያ ሲሄድ ካያችሁ ከሩቅ ጩኹ፣ ድንጋይ ወርውሩ። ሮጣችሁ ግን አትመልሱ። ሰው ላሙን ተከትሎ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ላም ሀብት ነው። ቢሆንም አትሂዱ።

መደርደሪያህ ላይ ያለችውን ክላምፕ ትሸጣለህ?

ጎረቤቴ ናቸው ደጋግመው የሚጠይቁኝ። በር መያዣ ሊያደርጓት ነው። አልሸጥም፤ ለማስተማሪያ ተብላ በወረቀት የተሰጠችኝ ናት፣ ወረቀቱም አለኝ። ቦዩ ላይ ሽቦው ለዓመታት የተኛበት የጉንጉን አሻራ ቀርቷል፤ አንዱ ጫፍ ላይ ጠልቆ፣ ሌላው ላይ ሳሳ ብሎ። የጠለቀው በሐይቁ በኩል የነበረው ነው። ማየት ለሚፈልግ ቤቴ ክፍት ነው፤ ቡናም አለ።